ከቤት ሳይወጡ የሚጋለብ ቢስክሌት

የጽሕፈት ቤት ሥራ አገርን የሚጠቅም፥ ሠራተኛውንም የሚያስከብር መሆኑን የሚክድ ሰው የለም። ዳሩ ግን ይህ ሥራ የሚሠራው ተቀምጦ ነው። አንድ ሹም ጧት በመኪና ተቀምጦ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል፤ ከዚያም ደርሶ ሲጽፍና ሲፈርም፥ ባለ ጉዳይ ሲያነጋግር፥ በስብሰባም ሲመክር በወንበር ላይ ይውላል፤ ማታም በመኪና ተመልሶ ከገበታ ፊት፥ ከገበታም በኋላ ከቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ሰው «ለመሆኑ ዛሬ እግርዎን ምን ሥራ አሠሩት?» ብሎ የሚጠይቀው ቢገኝ፥ ደረጃ ከመውጣትና ከመውረድ በቀር የሚመልሰው ነገር አይኖረውም።

አባቶቻችን ከአገር ወደ አገር በእግርና በበቅሎ ሲጓዙ፥ ሳያስቡት ሰውነታቸው ይሠራ ነበር። እኛ ግን ድካሙን ለመኪና ሰጥተን ዕረፍቱን ለራሳችን አስቀረን፤ ዕረፍትም ከልክ ሲያልፍ እንደ ድካም ሁሉ ሰውን እንደሚጐዳ ሳናስተውል ብዙ ዘመን አለፈ።

ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጽ ይህን ጉድለት በቤት ውስጥ ለመሙላት ስለሚረዳ አንድ መሣሪያ እንናገራለን። ይኸውም በአንድ ስፍራ ቆሞ መንኰራኵሩ ብቻ የሚዞር፥ ጋላቢውን ከቤቱ ሳያስወጣ የሚያሠራ ቢስክሌት ነው። ፈረንጆች «ስፒን ባይክ» ይሉታል፤ እኛም የቤት ቢስክሌት ብንለው ስሙ ከሥራው ጋር ይስማማል። ይህ መሣሪያ በጂም ቤቶች ብቻ ሳይሆን በብዙ ሰዎች ሳሎንና በረንዳም ይታያል። ነገር ግን ብዙ ሰው በገዛበት ሳምንት በታላቅ ጉጉት ሲጋልበው ይሰነብትና፥ ወር ሳይሞላው ካፖርትና ፎጣ መስቀያ ያደርገዋል። የዚህም ጽሑፍ አሳብ መሣሪያውን ግዙ ለማለት አይደለም፤ የገዛው ሰው ሳይጐዳ እንዲጠቀምበት፥ ያልገዛውም ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ነገሩን መርምሮ እንዲያውቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁልጊዜ መቀመጥ ልብን እንደሚጐዳ በቍጥር መርምረው በማስረዳት ስማቸው የታወቀው፥ ጄሪ ሞሪስ የተባሉ የብሪታንያ ሐኪም ናቸው። እርሳቸው ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው በ1953 ዓ.ም. ያሳተሙት ምርመራ በሎንዶን አውቶቡሶች ላይ የተደረገ ነበር። የሎንዶን አውቶቡስ ባለ ሁለት ፎቅ ስለ ሆነ፥ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ በመሪው ፊት ተቀምጦ ሲውል፥ ትኬት ቈራጩ ግን በየቀኑ በብዙ መቶ የሚቈጠር ደረጃ ይወጣና ይወርድ ነበር። ሁለቱም በአንድ መኪና ይሠራሉ፤ በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ ኑሯቸውም ተቀራራቢ ነው። ይሁን እንጂ ድንገተኛ የልብ ሕመም በሹፌሮቹ ላይ ሲበዛ፥ በትኬት ቈራጮቹ ላይ ግን አነስ ብሎ ተገኘ። እንደዚሁም ደብዳቤ በእግርና በቢስክሌት የሚያድሉት ፖስተኞች፥ በጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ከሚውሉት ጸሐፊዎች ይልቅ ከዚህ ሕመም የዳኑ መሆናቸው ታየ።

ይህን የሰማ አስተዋይ ሰው «ምናልባት ሹፌር የሚሆነው ከጥንቱም ወፍራም የነበረው ሰው ይሆናል፤ ወንበሩ ምን አደረገ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተመራማሪዎቹም ራሳቸው ጠይቀውታል። የአውቶቡስ ሠራተኞች የደንብ ልብስ ይሰፋላቸው ስለ ነበረ፥ የሱሪያቸውን የወገብ ልክ ከመዝገብ አውጥተው ቢመረምሩ፥ የሹፌሮቹ ወገብ ከትኬት ቈራጮቹ ሰፍቶ ተገኘ፤ ይህንንም በ1956 ዓ.ም. አሳተሙት። ስለዚህ ከመቀመጡ ሌላ የሰውነትም ውፍረት በነገሩ እጅ እንዳለበት ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የተደረገው ምርመራ ግን፥ ሰውነቱን የሚያሠራ ሰው፥ ወፍራምም ቢሆን ቀጭንም ቢሆን፥ ከማያሠራው ይልቅ ልቡ የተጠበቀ መሆኑን እያጸና ሄደ።

ለእኛ ይልቁንም የሚጠቅመን የሞሪስ ሌላው ምርመራ ነው፤ እርሱ የተደረገው በመንግሥት ሠራተኞች ላይ ነውና። ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 64 ዓመት የሆነ፥ ቍጥራቸው ከ9 ሺሕ የሚበልጥ የብሪታንያ የመንግሥት ሠራተኞች ለብዙ ዓመታት ከተመረመሩ በኋላ ውጤቱ በ1990 ዓ.ም. ታተመ። ሰውነታቸውን በብርቱ የሚያሠሩት፥ ከእነርሱም መካከል ቢስክሌት አዘውትረው የሚጋልቡት፥ የልብ ሕመም የደረሰባቸው ከሌሎቹ እኩሌታ በታች ሆነው ተገኙ። ከዚህም ምርመራ አንድ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን፤ ይኸውም በወጣትነታቸው ብርቱ ስፖርተኞች ኖረው ኋላ የተዉት ሰዎች በቀድሞው ትጋታቸው ምንም ጥቅም ሳያገኙ መቅረታቸው ነው። የሰውነት ሥራ እንደ ርስት የሚወረስ፥ እንደ ገንዘብም ተቀብሮ የሚቈይ አይደለም፤ ዕለት ዕለት ተሠርቶ ዕለት ዕለት የሚበላ ነው። ሐኪሙም በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ 99 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

በቤት ውስጥ ቆሞ የሚጋለብ መሣሪያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1796 ዓ.ም. ፍራንሲስ ላውንድስ የተባለ እንግሊዛዊ እጅንና እግርን የሚያሠራ መሣሪያ ሠርቶ «ጂምናስቲኮን» የሚል ስም ሰጥቶት ነበር፤ ይህም የሆነው ቢስክሌት ራሱ ገና ሳይፈጠር ነው። በ1912 ዓ.ም. በሰጠመችው በታይታኒክ መርከብም ለመንገደኞች የስፖርት ክፍል ተዘጋጅቶ ስለ ነበር፥ በኤሌክትሪክ ከሚንቀሳቀሱት ፈረስና ግመል አጠገብ የቆሙ ቢስክሌቶች ነበሩበት። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ከመጫወቻነት ወደ ሳይንስ ተሻገረ። ኋላ በ1920 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉት የዴንማርክ ሊቅ አውጉስት ክሮግ፥ የሰው ጡንቻ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ለመለካት በ1913 ዓ.ም. ቆሞ የሚጋለብ ቢስክሌት ሠሩ። በስዊድንም ፎን ዶቤልን የተባሉት ሊቅ በ1954 ዓ.ም. ሌላ መለኪያ ቢስክሌት አወጡ። ዛሬም የልብ ሐኪሞች በሽተኛውን በእንዲህ ያለ ቢስክሌት ላይ አስቀምጠው የልቡን አሠራር ይመረምራሉ።

ዛሬ በየቤቱ የምናየውን ዓይነት ግን ያወጣው በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ጆናታን ጎልድበርግ ነው። ይህ ሰው አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ለሚያቋርጥ የቢስክሌት ውድድር በ1980ዎቹ ዓመታት ሲዘጋጅ፥ ሌሊት በመንገድ ላይ መኪና ሊገጨው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ስለዚህ እንደ መንገድ ቢስክሌት የሚጋለብ፥ ነገር ግን ከስፍራው የማይነቃነቅ መሣሪያ በቤቱ ሠራ። ከእርሱ በኋላ በ1990ዎቹ ዓመታት መሣሪያው በፋብሪካ ብዙ ሆኖ እየተሠራ በዓለም ላይ ተሠራጨ። በ2020 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ጂም ቤቶች በየአገሩ በተዘጉ ጊዜ ደግሞ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ቤቱ አስገባው።

ቢስክሌት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትወዳደር፥ ከሯጮቹ ጋር እንደ ገረመው ደንቦባ ያሉ የቢስክሌት ጋላቢዎችም ተሰልፈውላታል። ነገር ግን ለጉልማሳው ሹም በከተማ መንገድ በመኪና መካከል መጋለብ አስቸጋሪ ነው፤ ክረምት ሲሆን ዝናሙ፥ በጋ ሲሆን አቧራው ይከለክለዋል። እመቤቶችም በአደባባይ ከመታየት ይልቅ በቤታቸው ቢያደርጉት የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው። ለእንዲህ ያሉት ሁሉ የቤት ቢስክሌት የተመቸ ነው፤ ዝናምና ጨለማ አያግደውም፤ በእጅ ብቻ የሚጠብቀውና የሚላላው ዓይነትም መብራት ቢጠፋ ከሥራው አይቀርም።

አሁን ደግሞ መሣሪያው እንዴት እንደ ተሠራ እንመልከት። በፊቱ በኩል ክብደቱ በብዙዎቹ ዘንድ ከ13 እስከ 20 ኪሎ ግራም የሚደርስ የብረት መንኰራኵር አለ። ፔዳሉ በካቴና ወይም በቺንግያ ከመንኰራኵሩ ጋር ተያይዟል። በመሪው ሥር ደግሞ በእጅ የሚዞር ማጥበቂያ ይገኛል። እርሱን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ከሱፍ ወይም ከቆዳ የተሠራ ፍሬን መንኰራኵሩን ይጫነዋል፤ በአዲሶቹ መሣሪያዎች ማግኔት ብረቱን ሳይነካ ይይዘዋል። ማግኔት ያለው ድምፅ አያሰማም፥ አያልቅምም፤ ፍሬን ያለው ግን ዋጋው ይቀላል፤ ነገር ግን ፍሬኑ ሲያልቅ መለወጥ ያስፈልገዋል። ማጥበቂያው ሲጠብቅ ጋላቢው ዳገት የወጣ ያህል ይከብደዋል፤ ሲላላም ሜዳ ይሆንለታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ አለ። የመንገድ ቢስክሌት ጋላቢው እግሩን ሲያቆም ፔዳሉም አብሮ ይቆማል፤ በብዙው የቤት ቢስክሌት ግን መንኰራኵሩ እስኪቆም ድረስ ፔዳሉ እግርን ይዞ መዞሩን ይቀጥላል። በፍጥነት ሲጋልብ ቆይቶ በድንገት እግሩን ላንሣ የሚል ሰው ጕልበቱን ወይም ቍርጭምጭሚቱን ይጐዳል። ስለዚህ ለማቆም ሲፈልጉ ቀስ በቀስ ማዘግየት፥ የሚያጣድፍ ነገር ቢመጣም ማጥበቂያውን ወደ ታች ተጭኖ መንኰራኵሩን ማስቆም ይገባል። ፈረስ ከመጋለብ በፊት ማቆሚያውን መማር እንደሚያስፈልግ ሁሉ፥ በዚህም መሣሪያ የመጀመሪያው ትምህርት እንዴት እንደሚቆም ማወቅ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ኮርቻውን ማስተካከል ነው። ፈረሰኛ እርካቡን በእግሩ ልክ ሳያደርግ መንገድ አይጀምርም፤ የቤት ቢስክሌት ጋላቢም እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል። የቤቱም ሰዎች ቁመታቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፥ እያንዳንዱ ሰው ልኩን በቍጥር አውቆ ሊይዝ ያስፈልገዋል። ልኩም የሚታወቀው እንደዚህ ነው።

1ኛ፤ ሰውዬው ከቢስክሌቱ አጠገብ ቀጥ ብሎ ሲቆም ኮርቻው ከዳሌው አጥንት ጋር እኩል ይሁን። ከዚያም ተቀምጦ ፔዳሉን ወደ ታች ሲያወርድ፥ ጕልበቱ ጥቂት ዕጥፍ ብሎ ይቅር እንጂ ፈጽሞ አይዘርጋ። ኮርቻው ከልክ በላይ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ የጕልበት ፊት ይታመማል፤ ከልክ በላይ ከፍ ያለ እንደ ሆነም ዳሌው ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ወገብን ያሳምማል።

2ኛ፤ ሁለቱ ፔዳሎች ከመሬት እኩል በሆኑ ጊዜ፥ የፊተኛው ጕልበት በፔዳሉ መካከል ትይዩ ይዋል። ይህ ካልሆነ ኮርቻውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መግፋት ነው።

3ኛ፤ መሪው ለጀማሪ ከኮርቻው እኩል ወይም ከዚያ ከፍ ይበል። ጋላቢው ትከሻውን አላልቶ፥ ክርኑን ጥቂት አጥፎ፥ መሪውን በቀላሉ ይያዝ፤ ሰውነቱን ሁሉ በእጁ ላይ አይጫን።

4ኛ፤ ፔዳሉን የሚረግጠው የእግሩ ተረከዝ ወይም መካከል ሳይሆን ከጣቶቹ ቀጥሎ ያለው ሰፊው የውስጥ እግሩ ይሁን። የጫማው ክርና ሰፊ ልብስ ከፔዳሉ እንዳይጠመጠም ይጠንቀቅ። ነጠላና ጋቢ ለብሶ መጋለብ አይገባም።

የሥራውን ልክ በሚመለከት የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. ያወጣው ምክር አለ። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት ሥራ፥ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ ሥራ ይገባዋል ይላል። መቶ ኀምሳ ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን፥ በየቀኑም ሠላሳ ደቂቃ ማለት ነው። ሠላሳ ደቂቃም አንድ ሰው እንግዳ ተቀብሎ ቡና እስኪፈላ ከሚጨዋወትበት ጊዜ አይበልጥም። እንግዲህ «ጊዜ የለኝም» የሚለው ምክንያት ለብዙዎቻችን እውነተኛ ምክንያት አይደለም።

መካከለኛና ብርቱ የሚባለውን ለመለየት ቀላሉ መንገድ አነጋገር ነው። ሰው እየጋለበ ከቤተ ሰቡ ጋር መነጋገር የሚችል፥ መዝፈን ግን የማይችል እንደ ሆነ ሥራው መካከለኛ ነው። ከጥቂት ቃል በኋላ ትንፋሽ የሚያጥረው እንደ ሆነ ግን ብርቱ ነው። በልብ ምት ለመለካት የፈለገም ሰው ከ220 ላይ ዕድሜውን ይቀንስ፤ ለምሳሌ የ45 ዓመት ሰው 175 ያገኛል። ከዚህም ከመቶው ከ50 እስከ 70 እጅ፥ ማለት በደቂቃ ከ88 እስከ 122 ምት ያህል፥ ለመካከለኛ ሥራ ይሆናል። ይህ ግን ግምት ነውና ለሁሉ ሰው በትክክል አይስማማም፤ ይልቁንም የልብ ምትን የሚያዘገይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቍጥሩ አይመን፥ በትንፋሹ ይለካ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ይህ መሣሪያ ሰውን የሚጐዳው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ነው። ለብዙ ዓመት ተቀምጦ የኖረ ሰው፥ አዲስ መሣሪያ በገዛበት ቀን የወጣትነቱን ኀይል አስታውሶ፥ ወይም በስልክ መስታወት ላይ የሚያየውን አሠልጣኝ ተከትሎ አንድ ሰዓት ሙሉ በብርቱ ይጋልባል። የጭኑ ጡንቻ ግን ለዚህ አልተዘጋጀም። ሐኪሞች እንደ መዘገቡት፥ ጤነኞችና ወጣቶች የሆኑ ሰዎች እንኳ ከመጀመሪያው ብርቱ ግልቢያ በኋላ ጡንቻቸው ፈርሶ፥ ከጡንቻው የወጣው ነገር በደም ውስጥ ገብቶ ኩላሊታቸውን የጐዳበት ጊዜ አለ። ምልክቱም ግልቢያው ካለፈ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ጭን ሲያብጥና ከተለመደው ድካም ይልቅ እጅግ ሲታመም፥ እግርም ሲዝል፥ ሽንትም እንደ ጠቈረ ሻይ ሲሆን ነው። ይህን ያየ ሰው «ልማድ እስኪሆን ነው» ብሎ ቤቱ መቀመጥ የለበትም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባዋል። በጊዜ የደረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ ይድናልና።

ስለዚህ ጀማሪ እንደሚከተለው ቢያደርግ ደግ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን፥ በየጊዜውም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፥ ማጥበቂያውን አላልቶ ይጋልብ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ጊዜውን ወደ 20 ደቂቃ ያሳድግ። ከዚያ በኋላ እያየ 30 ደቂቃ በሳምንት አምስት ቀን ይድረስ። ሁልጊዜም የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሰውነት ማሟሟቂያ፥ የመጨረሻዎቹም አምስት ደቂቃዎች ማቀዝቀዣ ይሁኑ፤ በድንገት የወረደ ሰው ራሱን ሊያዞረው ይችላልና። ሜዳ ሲጋልብ ፔዳሉን በደቂቃ ከ80 እስከ 110 ጊዜ፥ ዳገት ሲያደርገው ከ60 እስከ 80 ጊዜ ማዞር የተለመደ ልክ ነው፤ ጀማሪ ግን ከዚህ ዝቅ ቢል አያፍርም። ማጥበቂያውን ፈጽሞ አላልቶ እግርን እንደ እብድ ማስሮጥ ጥቅም የለውም፤ ኮርቻው ላይ ከማንጠር በቀር። ሁለት ወር ያህል ከቈየ በኋላ ግን አንድ ደቂቃ አጥብቆ፥ ሁለት ደቂቃ አላልቶ፥ ይህንም አራት ወይም አምስት ጊዜ ቢመላልሰው ኀይሉ ይጨምርለታል።

የልብ ሕመም፥ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው፥ ደግሞም በዕድሜ ገፍቶ ለብዙ ጊዜ ሰውነቱን ያላሠራ ሰው፥ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ስኳር የሚቀንስ ኪኒን የሚውጥ ሰው፥ ግልቢያው ስኳሩን ከልክ በላይ ሊያወርድበት ስለሚችል ባዶ ሆዱን አይጋልብ፤ የሚጣፍጥ ነገርም በአጠገቡ ያኑር። እየጋለበ ደረቱን ያመመው፥ ሕመሙም ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሄደበት፥ ራሱን ያዞረው፥ ወይም ልቡ ሥርዐት የለሽ ሆኖ የመታበት ሰው ወዲያው ያቁም፤ ሳይውል ሳያድርም ሐኪም ያማክር። ሕመሙ ካልተወው ግን ምክር የሚጠየቅበት ጊዜ አይደለም፤ ያን ጊዜውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። በእንዲህ ያለ ጊዜ መታገሥ ጀግንነት አይደለም።

የሚጾም ሰውም ጊዜውን መምረጥ ይችላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውሃ ሳይቀምስ የሚቈይ ሰው በብርቱ መጋለብ አይገባውም፤ ላቡን የሚተካበት ውሃ የለውምና። ከጾም ፍቺ በኋላ ምግቡ እስኪረጋ ሁለት ሰዓት ያህል ቈይቶ በለዘብታ ቢጋልብ ይሻላል። ደግሞም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፥ ከቈላ የመጣ እንግዳ አየሩ እስኪስማማው ድረስ ጥቂት ቀን በዝግታ ይጋልብ።

መሣሪያው የአባወራው ብቻ መሆን የለበትም። እመቤቲቱ ቤትን በማስተዳደር ስትደክም የምትውል ብትሆን እንኳ፥ ልብንና ሳንባን የሚያሠራ ጊዜ ለብቻው ያስፈልጋታል። ነፍሰ ጡርም ብትሆን ሐኪሟ ካልከለከላት በለዘብታ ብትጋልብ ይፈቀዳል፤ ሆዷ እየገፋ ሲሄድ ሚዛኗ ስለሚለወጥ በመንገድ ቢስክሌት ልትወድቅ ትችላለች፥ የቤቱ ግን አይጥላትም። ጕልበታቸውን ለሚያማቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም የተመቸ ነው፤ የሰውነትን ክብደት ኮርቻው ስለሚሸከመው እንደ ሩጫ መገጣጠሚያን አይመታም። ዳሩ ግን ይኸው ጥቅሙ በሌላ በኩል ጉድለቱ ነው፤ አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲሸከም ነውና ቢስክሌት ብቻውን ለአጥንት አይበቃም፤ ለክንድና ለጀርባም እምብዛም አይረዳም። ስለዚህ በእግር መሄድንና በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ መጨመር ያስፈልጋል።

ሕፃናትን በሚመለከት ትእዛዙ አጭር ነው። መንኰራኵሩ በሚዞርበት ጊዜ ሕፃን በአጠገቡ አይቁም፤ ጣቱን በካቴናው ወይም በመንኰራኵሩ መካከል ቢያገባ ይቈረጣልና። ጋላቢውም ሲወርድ ማጥበቂያውን ፈጽሞ አጥብቆ ይሂድ። መሣሪያው ከግድግዳ ራቅ ብሎ በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ ከሥሩም ምንጣፍ ይነጠፍለት። ላብ ብረትን ስለሚያዝግ ከያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ በጨርቅ መጥረግ፥ በወርም አንድ ጊዜ የፔዳሉንና የኮርቻውን ብሎን ማጥበቅ ይገባል። በላላ ፔዳል የሚጋልብ ሰው በላላ እርካብ እንደሚጋልብ ፈረሰኛ ነው።

ውፍረት ለመቀነስ ብሎ የጀመረ ሰውም እውነቱን ይወቅ። ሠላሳ ደቂቃ መካከለኛ ግልቢያ ለብዙ ሰው ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል፤ ይህንንም አንድ ሰው ከምሳ በኋላ በሚጨምረው ጣፋጭና መጠጥ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ቦርጩ በአንድ ወር ስላልጐደለ ብቻ መሣሪያውን መተው አይገባም። ከቦርጩ ይልቅ ልቡ፥ የደም ግፊቱ፥ እንቅልፉም የሚጠቀሙ መሆናቸውን ያስብ፤ እነዚህ በመስታወት አይታዩም እንጂ ሰውን በሕይወት የሚያኖሩት እነርሱ ናቸው።

ታዲያ ይህ መሣሪያ መስቀያ ሆኖ እንዳይቀር ምን ማድረግ ይገባል? እንደ ጽሕፈት ቤት ሥራ ሰዓት ሊወሰንለት ይገባል። ባለ ጉዳይን በቀጠሮ የሚቀበል ሹም የራሱንም ሰውነት በቀጠሮ ይቀበለው። ሰዓቱ የጧት ይሁን የማታ፥ ያው የተወሰነው ሰዓት ይሁን፤ ትንሽ መዝገብም ይያዝ፥ የጋለበበትንም ቀንና ደቂቃ ይጻፍበት። አንድ ቀን ቢቀር በማግሥቱ እጥፍ አድርጎ ለመክፈል አይሞክር፤ እንዲሁ ይቀጥል። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ ሥራ እንደ ሕግ ሊያገለግል ይችላል።

መሣሪያውን ለመግዛት አቅም የሌለው ሰውም አይዘን። የሎንዶኑ ትኬት ቈራጭ የዳነው በደረጃ እንጂ በቢስክሌት አልነበረም። ፈጠን ብሎ ሠላሳ ደቂቃ በእግር መሄድ፥ በመሥሪያ ቤትም ሊፍቱን ትቶ በደረጃ መውጣት ለልብ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ልብ የሚጠይቀው ዕለት ዕለት መሥራትን ነው እንጂ ውድ ዕቃን አይደለም።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ የቤት ቢስክሌት ሺሕ ጊዜ ቢጋለብ ከቆመበት ክንድ አይርቅም፤ ከቤት ወጥቶ የትም አያደርስም። ነገር ግን ወንበር በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የወሰደብንን ኮርቻው በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይመልስልናል። ይህንንም የሚያገኘው በመጀመሪያው ቀን እጅግ የጋለበ ሰው ሳይሆን፥ በዓመቱም መጨረሻ ሳይተው የሚጋልበው ሰው ነው። የቤቱ ሰዎች አባታቸውንና እናታቸውን ለረጅም ዘመን በጤና እንዲያገኟቸው፥ ዛሬ ማታ ካፖርቱን ከመሣሪያው ላይ አንሥቶ አሥር ደቂቃ በዝግታ መጋለብ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።